አሻንጉሊት ከነፌስታሏ

ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ሳሎን ገብቶ ቡፌውን ያየ ሰው ያውቃታል፤ በቡና ሲኒውና በምርቃት ፎቶው መካከል ከነፌስታሏ የቆመች አሻንጉሊት። ከውጭ የመጣ ዘመድ ለልጅ ብሎ ይሰጣል፣ እናት «ታበላሺያታለሽ» ብላ ትቆልፍባታለች። ሳናስበው ሰብሳቢዎች ሆነናል ማለት ነው። አውቀው የሚሰበስቡት ፈረንጆች ግን ብዙዎቹ የሚያሳድዱት የአንድ አጭር ዘመን ሥራ ነው፤ ደረቅ ፕላስቲክ የሚባሉትን።

ዘመኑ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መብረር ከጀመረበት ከ1946 ሰሞን እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ነው (ዓመታቱ በፈረንጅ ናቸው)። ቀደም ሲል አሻንጉሊት ከሰጋቱራና ከሙጫ ድብልቅ ይሠራ ስለነበር እርጥበት ሲነካው ይሰነጠቃል። ኋላ ደግሞ ለስላሳው ቪኒል መጣ፤ ፀጉር ራሷ ላይ መስፋት ተቻለ፣ ባርቢም በ1959 ገበያ ወጣች።

የመካከለኛዎቹን መለየት አይከብድም። ጉንጯን በጥፍር ሲመቱት ቋ ይላል። ፀጉሯ የተለጠፈ ዊግ ነው። ሲያስተኟት ዓይኗን ትከድናለች፤ የብዙዎቹ እጅና እግር በሆድ ውስጥ በሚያልፍ ላስቲክ የተያያዘ ስለሆነ፣ ላስቲኩ ሲረግብ ሰውነቷ ይልፈሰፈሳል። በ1949 አይዲያል የተባለው ኩባንያ ያወጣትን ቶኒን ያየን እንደሆነ ማጅራቷ ላይ «ፒ-90» የሚል ካለ ቁመቷ 36 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስሟን ያገኘችው ቤት ውስጥ ከሚሠራ የፀጉር ፐርም ነው፤ ነገሩ ማስታወቂያ ነበር። ልጆችም የናይለን ፀጉሯን በስኳር ውሃ እያራሱ በቢጎዲን ይጠቀልሉላት ነበር።

ችግሩ ከውስጥ ይመጣል። ብዙዎቹ የተሠሩበት ሴሉሎስ አሲቴት ሲያረጅ ይፈርስና አሴቲክ አሲድ ይለቃል፤ አቼቶ የሚሸተው በዚሁ አሲድ ነው። ስለዚህ አዋቂ ገዢ ቀሚሷን ከማየቱ በፊት ያሸታታል። አሲዱ የዓይኗን ብረት ያዝጋል፣ ገላዋን ያጣምማል፣ አጠገቧ ያለችውንም ይለክፋል። የሸተተች ከሌሎቹ ትለያለች። ፌስታል ደግሞ ትነቱን አፍኖ ያባብሰዋል፤ አቧራ ብቻ ቢሆን በጨርቅ ይጠረግ ነበር። የሚስማማት አየር የሚዘዋወርበት፣ ፀሐይና ሙቀት የሌለበት ቦታ ነው።

ቡፌዎቻችን ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ፀጉራቸው ብጫ ነው። አንዲት ምረጥ ቢሉኝ ፓቲ ጆን እወስዳለሁ። ጥቁር አሜሪካዊቷ ካርቱኒስት ጃኪ ኦርምስ ፒትስበርግ ኩሪየር ጋዜጣ ላይ የምትስላት ምላሰኛ ሕፃን ነበረች፤ በ1947 ከቴሪ ሊ ኩባንያ ጋር ተዋውላ አሻንጉሊት አደረገቻት። ጥቁር አሻንጉሊት ባመዛኙ ሞግዚት ወይም መሳለቂያ በሆነበት ጊዜ ፓቲ ጆ ቁም ሣጥን ሙሉ የክት ልብስ ነበራት። ውሉ በ1949 አበቃ። ኩባንያው በራሱ በቴሪ ሊ ቅርጽ ስላወጣት፣ የፊቷ ቀለም ከለቀቀ ከሌሎቹ ጥቁር አሻንጉሊቶቹ ለመለየት ታስቸግራለች፤ ሻጭ ደግሞ «ፓቲ ጆ ናት» ማለቱ አይቀርም።