ከውኃ የወጣች ጀልባም ትረጥባለች

«ክረምት» አገር ቤት ላለ ሰው ዝናብ ነው፤ ጭቃ፣ ጉም፣ ለሦስት ቀን ተሰጥቶ ያልደረቀ ልብስ። ሚኒሶታ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ግን ያው ቃል የበረዶው ወቅት መጠሪያ ሆኗል። ሚኒሶታ ከ11 ሺህ በላይ ሐይቆች ያሏት፣ ከ800 ሺህ በላይ ጀልባዎች የተመዘገቡባት የአሜሪካ ግዛት ናት። ሐይቆቹ በፈረንጆቹ ዲሴምበር ገደማ በረዶ ይለብሱና ብዙዎቹ እስከ አፕሪል ሳይከፈቱ ይቆያሉ። ጀልባዎቹም ከዚያ በፊት ወጥተው ጋራዥ ወይም ግቢ ውስጥ ተሸፍነው ይከርማሉ። ጂፒኤሱ፣ ዓሣ ማሳያው፣ ሬዲዮውና ባትሪው አብረው ይከርማሉ። ባለቤቶቹ በዚያ ወቅት የሚፈሩት ብርዱን ነው፤ አይፈረድባቸውም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1996 ታወር በምትባለው የግዛቲቱ ከተማ ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቧል። እኔ ግን የምለው ሌላ ነው፦ የጀልባን ኤሌክትሮኒክስ በብዛት የሚያበላሸው አገር ቤት የምናውቀው ክረምት፣ ማለትም እርጥበት ነው። ጥንቃቄያችንም ከዚያ መጀመር አለበት።

ብርድ ኤሌክትሪክ በተቋረጠበት ዕቃ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ስክሪን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ክሪስታል በቅዝቃዜ ይደነዝዛል፤ ሲሞቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቦታው ይመለሳል። እርግጥ ብዙ አምራቾች ለማከማቻ ከዜሮ በታች 20 ወይም 30 ዲግሪን ወሰን ያደርጋሉ፤ የሚኒሶታ ጥር ደግሞ ይህን ወሰን የሚያልፍባቸው ሌሊቶች አሉት። ስለዚህ ስክሪንን ነቅሎ ቤት ማስገባት ተገቢ ነው። ዝገት ራሱ ግን በብርድ ይዘገያል። አደገኛዎቹ ቀናት አየሩ የሚለዋወጥባቸው የማርች ቀናት ናቸው። ብረቱ የሌሊቱን ቅዝቃዜ እንደያዘ ቀትር ላይ ሞቅ ያለና እርጥብ አየር ሲደርስበት ጤዛ ያወጣል። 20 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ እርጥበት ያለው አየር፣ ከ12 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ነገር ሲነካ ውኃ ይሆናል። ያ ውኃ የት እንደሚሄድ ለማየት እንዲህ የከረመ አንድ የመዳብ ሽቦ ጫፉን መላጥ ነው። ጫፉ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ይታያል፤ ፕላስቲኩን ትንሽ ወደ ውስጥ ሲልጡት ደግሞ መዳቡ ጠቁሮ ይገኛል። ቀጫጭኖቹ የሽቦ ክሮች ውኃውን እንደ ኩራዝ ክር ወደ ላይ ይስቡታል። በጋ ሲመጣ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ባለቤቱ ዕቃው ተቃጠለ ብሎ አዲስ ይገዛል፤ በሽታው ግን ሽቦው ውስጥ ተቀምጧል። ገንዘቡን አጠራቅሞ ያገለገለ ጀልባ ለገዛ ቤተሰብ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም፤ የሚያንገበግበውም ሊቀር የሚችል መሆኑ ነው።

«ዕቃው ውኃ የማያስገባ ነው ተብሎ የተሸጠልኝ አይደል?» የሚል ሰው ይኖራል። እዚህ ላይ ማረጋገጫው ምን እንደፈተነ ማወቅ ያሻል። አይፒኤክስ7 የሚባለው ደረጃ ዕቃው 1 ሜትር ጥልቀት ውስጥ ለ30 ደቂቃ ተነክሮ ውኃ ሳያስገባ መቆየቱን ይመሰክራል። አምስት ወር ሙሉ ሲቀዘቅዝና ሲሞቅ ስለመክረም የሚለው ነገር የለም። ታሽጎ የተቀመጠ አየር ከ20 ዲግሪ ወደ ከዜሮ በታች 20 ሲወርድ ግፊቱ በ14 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ያረጀ ወይም የተሰነጠቀ ጎማ ካለ፣ ዕቃው በዚያ በኩል የውጭውን እርጥብ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። በዚያ ላይ ገመዱ ሲነቀል ሶኬቱ ክፍት ነው፤ ውኃ የሚከለክለው ወይ ሲሰካ ወይ ሲከደን ነው።

«እንግዲያው ጀልባዋን በፕላስቲክ ጥብቅ አድርጌ ልጠቅልላት» ማለት ደግሞ ችግሩን ያብሰዋል። የረጠበ ምንጣፍ፣ ውኃ የጠጣ መቀመጫና ጀልባዋ ሆድ ውስጥ የቀረ ጥቂት ውኃ ፕላስቲኩ ሥር ታፍነው ቀን ይተናሉ፣ ማታ ሽቦው ላይ ይወርዳሉ። ጀልባዋ መጀመሪያ ውኃዋ ተንጠፍጥፎ መድረቅ አለባት፤ ሽፋኑም አየር የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። በሙቀት የሚጠበቅ ጋራዥ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ለሌለው ግን ደረቅ ቁም ሣጥንና ጥቂት ከረጢት ሲሊካ ጄል ብዙውን ሥራ ይሠሩለታል። አንድ ነገር ብቻ እንዳይረሳ፦ ከብርድ የመጣ ስክሪን ሞቃት ማድ ቤት ሲገባ ወዲያው ላብ ያልበዋል። ስለዚህ ውጭ ሳለ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ታሽጎ ይግባ፤ ጤዛው ከረጢቱ ላይ ይቅር። ክፍሉን እስኪላመድ ጥቂት ሰዓት ሳይከፈትና ሳይበራ ይቆይ። በየዓመቱ መንቀልና መሰካት ፒኑን ያላላል የሚለው ስጋት ሐሰት አይደለም፤ ግን በዓመት አንድ ጊዜ መንቀል በ10 ዓመት 10 ጊዜ ብቻ ነው፤ የዛገ ፒን ደግሞ አንድ ክረምት ይበቃዋል። ሲነቀል የሽቦዎቹን አቀማመጥ በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ የሶኬቱን ጎማ ለኤሌክትሪክ የሚሆን ግሪስ ቀብቶ መክደን ነው።

ብርድ በእርግጥ የሚገድለው ባትሪን ነው፤ እሱንም ባዶውን ሲያገኘው። ሙሉ የሊድ አሲድ ባትሪ ከዜሮ በታች ከ50 ዲግሪ በላይ ቅዝቃዜ ካልመጣ አይረጋም። ባዶ ሲሆን ግን አሲዱ ወደ ውኃነት ስለሚጠጋ ከዜሮ በታች 7 ወይም 8 ዲግሪ ላይ ሊረጋና ቀፎውን ሊሰነጥቅ ይችላል። ባዶ የሚያደርገውም ብዙ ነገር አይደለም። የሬዲዮው ሰዓትና ሌላ ትንሽ ዕቃ ተደምረው 30 ሚሊ አምፔር ቢወስዱ በ150 ቀን 108 አምፔር ሰዓት ይሆናል፤ 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በዚህ ያልቃል። ዋናውን ማጥፊያ ማጥፋትም አያስተማምንም፤ የጀልባዋን ሆድ ውኃ የሚመጥጠው ፓምፕ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ከባትሪው ጋር የታሰረ ነውና። የኔጌቲቩን ገመድ ራሱን መንቀል፣ ባትሪውን ሞልቶ ቴስተሩ ላይ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ማንበቡን ማየት፣ በየወሩም መለስ ብሎ መለካት ያስፈልጋል። የሊቲየም ባትሪ ግን በተቃራኒው ግማሽ ያህል ተሞልቶ ቢከርም ይመረጣል፤ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ሳለ ቻርጅ ከተደረገ ውስጡ እስከመጨረሻው ይጎዳል፤ ስለዚህ ቻርጀሩ የሚሰካው ባትሪው ሞቃት ክፍል ገብቶ ውስጡ ድረስ ከሞቀ በኋላ ነው።