የጁዶ ሙያዊ ቃላት በአማርኛ ጆሮ

ስለ አማርኛ ውሰት ቃላት በተነሣ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሱት ከዐረብኛ፣ ከጣሊያንኛ፣ ከፈረንሳይኛና ከእንግሊዝኛ የገቡት ናቸው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ጃፓንኛን የማነሣበት ምክንያት አንድ ወጣት ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። ወጣቱ በፍኖተ ሰላም ከተማ ጥቂት ልጆችን ጁዶ ያለማምዳል። ለዕረፍት ወደዚያ በሄድሁበት ጊዜ በላቲን ፊደል የተጻፉ ቃላት የሞሉበት ደብተር ይዞ መጣና፣ «መምህር፣ እነዚህን ወደ አማርኛ ይመልሱልኝ፤ ልጆቹ ድምፁን ይዘውታል፣ ነገሩን ግን አልያዙትም» አለኝ። «ኦ ሶቶ ጋሪ» የተባለውን አጣጣል ሲያስተምር፣ ልጆቹ ስሙን ከፈረስ ጋሪ ጋር እያያያዙ ይሥቁ ነበር። ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ፣ የሙያ ቃል ይተርጎም ወይስ እንዳለ ይቆይ የሚለውን የቆየ ክርክር የሚያስነሣ ነው።

መልሱን ከስፖርቱ ስም እንጀምር። ጁዶን የመሠረቱት ካኖ ጂጎሮ ናቸው፤ ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤታቸውን በቶኪዮ የከፈቱት በ1874 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1882) ነው። «ጁ» ልስላሴን፣ ለኃይል እሺ ብሎ ኃይሉን መልሶ መጠቀምን ያመለክታል፤ «ዶ» ደግሞ መንገድ ማለት ነው። መለማመጃው ሥፍራም «ዶጆ»፣ የመንገዱ ቦታ፣ ይባላል። ጠያቂዬ የሚኖርበት ከተማ ስምም በተመሳሳይ ሐሳብ የተገነባ ጥምር ነው፤ ፍኖት በግእዝ መንገድ ነውና። ልዩነቱ በቃላቱ ቅደም ተከተል ላይ ነው። ግእዝ «ፍኖተ ሰላም» ብሎ መንገዱን ሲያስቀድም፣ ጃፓንኛ እንደ አማርኛው «የሰላም መንገድ» ገላጩን ያስቀድማል። ሆኖም ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው የከተማውን ስም ሲጠራ መንገድን አያስብም። ቃሉ መጠሪያ ሆኗል።

በእኔ አስተያየት በደብተሩ ውስጥ ያሉት ቃላት በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ እንደ ከተማው ስም መጠሪያ የሆኑት፣ ማለትም የዳኛ ትእዛዞችና የነጥብ ስሞች ናቸው። «ሐጂሜ» ጀምሩ፣ «ማቴ» ቆዩ፣ «ኢፖን» ሙሉ ነጥብ፣ «ዋዛ አሪ» ከዚያ የሚያንስ ነጥብ ነው። ኢፖን የተገኘው ከ«ኢቺ» (አንድ) እና ዱላን ወይም እርሳስን ከመሳሰሉ ረዣዥም ነገሮች መቁጠሪያ ከሆነው «ሆን» ነው፤ እኛ «አንድ ዘለላ»፣ «አንድ ራስ» እንደምንለው ዓይነት ነው። ዋዛ አሪ ደግሞ ቃል በቃል «ስልት አለ» ማለት ነው። ይሁንና ተወዳዳሪው ይህን ባያውቅ የሚጎድልበት ነገር የለም፤ የነጥቡን ዋጋ የሚወስነው ሕጉ እንጂ የቃሉ ምንጭ አይደለምና። «ዩኮ» የተባለው ነጥብ እ.ኤ.አ. በ2017 ከሕጉ ወጥቶ በ2025 መመለሱ ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። እነዚህን ቃላት መተርጎም፣ በየትኛውም አገር አንድ የሆነውን የዳኛ ቋንቋ ከተወዳዳሪው መንጠቅ ነው።

ሁለተኛዎቹ የአጣጣል ስሞች ናቸው። እነዚህ ስሙ ራሱ የሚያስተምርባቸው ዘይቤያዊ ጥምር ቃላት ናቸው። «ኦ» ትልቅ፣ «ኮ» ትንሽ፤ «ሶቶ» ውጭ፣ «ኡቺ» ውስጥ፤ «አሺ» እግር ማለት ነው። ልጆቹን ያሣቃቸው «ጋሪ» ማጨድ ነው። ስለዚህ ኦ ሶቶ ጋሪ «ትልቁ የውጭ አጨዳ» ይሆናል። አጫጅ በግራ እጁ ጤፉን ጨብጦ በቀኙ ማጭዱን ከሥር እንደሚስብ ሁሉ፣ ጁዶኛውም የተቃዋሚውን ደረት ወደ ኋላ እየገፋ ክብደት የተሸከመውን እግር ከኋላ በእግሩ ያጭደዋል። በአንጻሩ «ዴ አሺ ባራይ» የሚራመድን እግር መጥረግ ነው፤ እግሩ ገና መሬት ሊይዝ ሲል ይጠረጋል። የሚታጨደው ሥር ይዞ የቆመ ነው፤ የሚጠረገው ያልጸና ነው። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ተማሪ ሰውየው በጸናበት እግር ላይ መጥረግን ቢሞክር እግሩ ንቅንቅ አይልለትም። ማብራሪያው በተሰጠ ዕለት ከቡሬ ገጠር የመጣ አንድ ልጅ፣ «እንግዲያማ የቆመውን ነዋ የሚታጨደው!» አለ። ከዚያ ወዲያ በጋሪ የሣቀ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ የድምፅ ጉዳይ መጥቀስ ያስፈልጋል። በጃፓንኛ ጥምር ቃል የሁለተኛው ቃል መነሻ ድምፅ ብዙ ጊዜ ይለወጣል፤ «ካሪ» ጋሪ፣ «ሐራይ» ባራይ፣ ዳሌ ማለት የሆነው «ኮሺ» ደግሞ ጎሺ ይሆናል። ይህን ያላወቀ ተማሪ አንዱን ቃል ሁለት አድርጎ ይይዛል። በሌላ በኩል የአማርኛ ተናጋሪ በኢፖን ውስጥ ያለውን የ«ፖ» ጥብቀት ለማሰማት አይቸገርም፤ ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ ግን መምህሩ በቃል ማስያዝ አለበት።

የጎጃም ቅኔ ቤት ይህን ችግር ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። «ሚ በዝኁ» የአንድ ቅኔ ዓይነት ስም ነው። ቃሉ «ምንኛ በዙ» ማለት ሲሆን የተወሰደው ከሦስተኛው መዝሙረ ዳዊት መነሻ ነው። ተማሪው ግን ስሙን የሚይዘው ልኩንና ዜማውን ለመለየት ነው፤ ማንም ተርጉሞ አይጠራውም። «ሰምና ወርቅ» ግን የአንጥረኛ ቃል ነው። ሰሙ ቅርጹን ሰጥቶ ቀልጦ ይወጣል፤ ወርቁ በቦታው ይፈስሳል። አንጥረኛ ሲሠራ አይቶ የማያውቅ የዛሬ ተማሪ ሰምን «ላይኛው ፍቺ»፣ ወርቅን «ውስጠኛው ፍቺ» ብሎ ብቻ ቢሸመድድ፣ ሰሙ ለምን መቅለጥ እንዳለበት አይገባውም። የፍኖተ ሰላም ልጆች በጋሪ የደረሰባቸው በእኛም የመማሪያ ክፍል ውስጥ ይደርሳል።

ስለዚህ የወጣቱን ደብተር በሦስት ዓምድ ከፈልሁት፤ ድምፁ፣ ፍቺው፣ በአገራችን ትግል የሚቀርበው ቃል። በሦስተኛው ዓምድ «ጠልፎ መጣል» ብዙ ጊዜ ረድቶኛል፤ ነገር ግን ማጨድንም መጥረግንም ስለሚጠቀልል ብቻውን አይበቃም። አሠልጣኙም ስሙን በጃፓንኛ እንዲጠራ፣ ምሳሌውን ግን በአማርኛ እንዲከፍት መከርሁት።

በቶኪዮ ኦሎምፒክ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ማራቶንን አሸነፈ። ከሁለት ቀን በኋላ ኔዘርላንዳዊው አንቶን ጊሲንክ ጃፓናዊውን ካሚናጋ አኪዮን በ«ኬሳ ጋታሜ» ይዞ ረታው። ኬሳ የቡድሃ መነኮሳት ከአንድ ትከሻ ላይ በሰያፍ የሚያጣፉት ልብስ ነው፤ አያያዙም ደረትን እንደዚሁ በሰያፍ ያቋርጣል። ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ለሚሄድ የጎጃም ልጅ ይህን ማስረዳት አይከብድም። የሚያስፈልገው ቃሉን ከመሸምደዱ በፊት የሚከፍትለት ሰው ነው።