ከአጥሩ ማዶ ያለው ኬሚካል

ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም በስተምሥራቅ፣ ከለገጣፎ ማዶ፣ የለገዳዲ ግድብና የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ አለ። አዲስ አበባን ለአሥርተ ዓመታት ሲያጠጣ የኖረው ይህ ውሃ ወደ ቧንቧ ከመግባቱ በፊት ጀርሙ የሚገደለው በክሎሪን ነው። ክሎሪን ባይኖር ኮሌራ ስንቱን ቤት ባንኳኳ ነበር። በሲሊንደር የታመቀ የክሎሪን ጋዝ ካፈተለከ ግን ሳንባን ያቃጥላል፤ በ1907 ዓ.ም. የጀርመን ጦር ቤልጂየም ውስጥ ኢፐር ላይ በጠላት ወታደሮች ላይ የለቀቀውም ይህንኑ ጋዝ ነበር።

የኬሚካሉ ጠባይ በሁለቱም ቦታ አንድ ነው። የሚለያየው ስጋቱ ነው፤ እሱን የሚወስነው ደግሞ የክምችቱ መጠን፣ አያያዙ፣ የሰው ቅርበትና የሠራተኛው ዕውቀት ነው።

ስለዚህ የደኅንነት ባለሙያዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ጓንትና ጭንብል አይደለም። ኬሚካሉ የግድ ያስፈልጋል ወይ? በሌላ ሊተካ ወይም ሊቀነስ አይችልም? ብለው ነው የሚነሡት። ብዙ ኢትዮጵያውያን እህቶች በሚሠሩባት ቤይሩት ወደብ፣ ለማዳበሪያም ለፈንጂም የሚያገለግል 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ለዓመታት መጋዘን ውስጥ ተከማችቶ ቆየ። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. እሳት ደረሰበትና ፈነዳ፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ቀጥሎ የሚመጣው መለየት ነው። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲቀላቀል መርዛማ ክሎሪን ያወጣል፤ ይህ በፋብሪካ መጋዘንም፣ በኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤትም ሊደርስ ይችላል። ቀለምና ቲነር የሚሸጥ ሱቅም ዕቃውን ከብየዳ ፍንጣሪ ማራቅ አለበት። በዕቃው ላይ የተለጠፈው ቀይ ጠርዝ ያለው ምልክት አደጋውን ይናገራል፦ ነበልባሉ ተቀጣጣይነትን፣ የራስ ቅሉ መርዝነትን ያመለክታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅና ስለ አደጋው እንዲያሳውቀው ያስገድዳል።

ከፋብሪካው አጥር ውጭ ያለው ነዋሪስ? በሕንድ ቦፓል፣ ኅዳር 24 ቀን 1977 ዓ.ም. ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ከዩኒየን ካርባይድ ፋብሪካ 40 ቶን ገደማ ሜቲል አይሶሳይኔት አምልጦ በተኙ ሰዎች ላይ ወረደ። መከላከያ መሣሪያዎቹ ከሥራ ውጭ ነበሩ ወይም አቅማቸው አልበቃም። ነዋሪው በአጠገቡ ምን እንዳለ፣ ጋዙ ሲያመልጥም ወዴት መሸሽ እንዳለበት የነገረው አልነበረም። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ለጋዙ ተጋለጠ፤ ሺዎች ሞቱ።

እንዲህ ባለ ሰዓት ነፋሱ ከወዴት እንደሚነፍስ ማየት ሕይወት ያድናል። የሚሸሸው ነፋሱን ተከትሎ ሳይሆን ከጋዙ መንገድ ወደ ጎን ወጥቶ፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ነው። ክሎሪን ከአየር 2.5 እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ በዝቅተኛ ቦታና በምድር ቤት ይተኛል። መውጣት ካልተቻለ መስኮትና በር ዘግቶ ከፍ ባለ ፎቅ መቆየት ይሻላል። ኬሚካል የነካው ሰው ልብሱ ወልቆ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ውሃ ይታጠባል። ጋዝ የጣለውን ሰው ለማውጣት ያለ መተንፈሻ መሣሪያ መግባት ሌላ ተጎጂ መጨመር ነው፤ ለአዲስ አበባ እሳትና አደጋ በ939 መደወል ይቀድማል።

ከቦፓል በኋላ፣ በ1980 ዓ.ም.፣ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ፋብሪካ፣ የአካባቢ አስተዳደርና ነዋሪ አስቀድመው አብረው የሚዘጋጁበትን አሠራር አስጀመረ። ይህን የካ አባዶም ልትጠቀምበት ትችላለች። የብሎክ ኮሚቴዎች፣ ዕድሮች፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤትና የአካባቢው ድርጅቶች ተቀምጠው በየግቢው ምን እንደተከማቸ፣ ማስጠንቀቂያው እንዴት እንደሚሰማ፣ ሕፃናትንና አቅመ ደካሞችን ማን እንደሚያወጣ፣ መሰብሰቢያውም የት እንደሆነ መስማማት ይችላሉ። ስምምነቱን በየብሎኩ መግቢያ መለጠፍና በዓመት አንድ ጊዜ መለማመድም ከባድ ወጪ አይጠይቅም።