ከደናግል ማኅበር ወደ ዓቃቤ ሕግ ወንበር

ሃያ ሦስት ዓመት የኖራችሁበትን ቤት ለሁለት ዓመት ሥራ ስትሉ ልቀቁ ብትባሉ ምን ትመልሳላችሁ? ጥያቄው ለጨዋታ ያህል የቀረበ አይደለም። በአሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ በምትባለው ትንሽ ግዛት፣ አንዲት መነኩሲት በ1984 በእርግጥ የተጠየቁት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምትመለከቷቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሴትዮዋ አርሊን ቫዮሌት ይባላሉ። በ1943 በግዛቲቱ ዋና ከተማ በፕሮቪደንስ ተወለዱ። በ1961፣ ገና ለጋ ወጣት ሳሉ፣ «የምሕረት እህቶች» ከሚባለው የካቶሊክ ደናግል ማኅበር ገቡ። መነኩሲት ሲባል በዓቷን ዘግታ ከዓለም የተለየች ሴት ብቻ በሐሳባችሁ እንዳትመጣ። የዚህ ማኅበር እህቶች፣ ካትሪን ማኮሊ በ1831 በደብሊን ከተማ ከመሠረቱት ጊዜ ጀምሮ፣ ከድሆች መንደር ገብተው ያስተምራሉ፣ በሽተኛ ያስታምማሉ። ሲስተር አርሊንም አስተማሪ ነበሩ። ኋላ ቦስተን ኮሌጅ ገብተው ሕግ አጠኑና በ1974 ተመረቁ፤ ለድሆችና ለአካል ጉዳተኞች ጠበቃ ሆነው መቆም ጀመሩ። እስከዚህ ድረስ ማንም አልተቃወማቸውም።

እዚህ ላይ ስለ ሥራው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በእኛ አገር ዓቃቤ ሕግ ይሾማል እንጂ በሕዝብ ድምፅ አይመረጥም። በአሜሪካ ግን ከ50ዎቹ ግዛቶች በ43ቱ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉን የሚመርጠው ሕዝቡ ነው። ዕጩው እንደ ማንኛውም ፖለቲከኛ ፓርቲ ይዞ፣ ገንዘብ አሰባስቦ፣ ቤት ለቤት እየዞረ ድምፅ ይለምናል። ወንበሩ ለብዙዎች መወጣጫ ሆኗል። ቢል ክሊንተን የአርካንሶ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ነበሩ፤ ካማላ ሃሪስም በ2021 ምክትል ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት በካሊፎርኒያ ይህንኑ ሥልጣን ይዘው ነበር። የሮድ አይላንዱ ደግሞ የተለየ ክብደት አለው። በብዙዎቹ ግዛቶች በየአውራጃው የሚመረጥ ዓቃቤ ሕግ ስላለ ከባድ ወንጀልን የሚከስሰው እርሱ ነው። በሮድ አይላንድ ግን የአውራጃ ዓቃቤ ሕግ የሚባል የለም፤ ነፍስ ግድያም ይሁን ዘረፋ፣ አስገድዶ መድፈርም ይሁን፣ የከባድ ወንጀል መዝገብ ሁሉ የሚመጣው ወደዚሁ አንድ መሥሪያ ቤት ነው።

ሲስተር አርሊን በ1982 በሪፐብሊካን ፓርቲ ስም ለዚህ ወንበር ተወዳደሩና ተሸነፉ። ያሸነፏቸው በወንበሩ ላይ የነበሩት ዴሞክራቱ ዴኒስ ሮበርትስ ነበሩ። ዳግመኛ ለመሞከር ሲነሡ ግን መንገዱ ተዘግቶ ጠበቃቸው። በኅዳር 1983 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ ካህናትም ሆኑ ደናግል የመንግሥት ሥልጣን እንዳይዙ ይከለክላል። ከዚያ አስቀድሞም ቢሆን ነገሩ መክረር ጀምሮ ነበር። በ1980 የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የነበሩት ካህን ሮበርት ድራይናን ከሮም በመጣ ትእዛዝ ዳግመኛ ሳይወዳደሩ ቀሩ፤ ክህነታቸውን ግን እንደያዙ ኖሩ። በ1983 ደግሞ በሚሺጋን ግዛት የማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆኑት አግነስ ሜሪ ማንሱር፣ እርሳቸውም የምሕረት እህት ነበሩ፣ ከሥራቸውና ከማኅበራቸው አንዱን ምረጪ ተባሉ፤ ሥራቸውን መርጠው ማኅበሩን ለቀቁ።

የሕጉን ምክንያት እንዲሁ ልናጣጥለው አይገባም። ሰውን ወደ ወህኒ የሚልክ ሥልጣን በአንዲት መነኩሲት እጅ ሲገባ፣ የተከሳሹ እናት መጽናኛ ፍለጋ ወደ ማን ትሄዳለች? ይሁንና ለተበደለ ጠበቃ ሆኖ መቆም ሲፈቀድ፣ ለዚያው ለተበደለ ሰው ከሳሽ ሆኖ መቆም መከልከሉ እኔን ሳይከነክነኝ አልቀረም።

በጥር 1984 አርሊን ቫዮሌት ማኅበሩን ለቀቁ። አርባ ዓመታቸው ነበር። እስቲ አስቡት፤ የድህነት ቃል ኪዳን የገባች ሴት የእኔ የምትለው ንብረት የላትም፤ ጎጆዋም ቤተሰቧም ማኅበሩ ነው። ሌሎች ሴቶች ልጆቻቸውን ለቁም ነገር በሚያበቁበት ዕድሜ እርሳቸው ኑሮን ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ያውም ማሸነፋቸውን ሳያውቁ።

በኅዳር 1984 አሸነፉ። ከእርሳቸው በፊት በ1959 በፔንሲልቫኒያ አን አልፐርን የግዛት ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ሆነው ነበር፤ ይህ ግን በአገረ ገዢው ሹመት ነው። በአሜሪካ በሕዝብ ድምፅ ተመርጠው ይህን ሥልጣን የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት አርሊን ቫዮሌት ናቸው። ቀልደኞች ዝም አላሉም፤ ከጥንቱ የሁኖች የጦር መሪ ጋር አስተያይተው «መነኩሲቷ አቲላ» አሏቸው።

ጥር 1985 ሥራ እንደጀመሩ አንድ ከባድ መዝገብ ገጠማቸው። ክላውስ ፎን ቡሎው የተባለ ባለጸጋ ሚስቱን በኢንሱሊን መርፌ ለመግደል ሞክሯል ተብሎ በ1982 ሠላሳ ዓመት እስራት ተፈርዶበት ነበር። የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1984 ፍርዱን ሻረው። ሚስትየው ከ1980 መጨረሻ ጀምሮ ራሷን ስታ ተኝታለች፤ መናገር አትችልም። እንደገና ይከሰስ ወይስ ይቅር? ውሳኔው በአዲሷ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ እጅ ወደቀ። መክሰሱ ገንዘብና ጊዜ ይበላል፤ መሸነፍም ሊመጣ ይችላል። ቫዮሌት ይከሰስ አሉ። በሰኔ 1985 ዳኞቹ ሰውየውን ነጻ ለቀቁት። ሚስቲቱ ሳትነቃ በ2008 ሞተች። ብዙ ሰው ውሳኔያቸውን በውጤቱ ይመዝነዋል፤ እኔ ግን መናገር የማትችለውን ሴት ጉዳይ ሳይሰማ መዝጋት ይሻል ነበር ለማለት አፌ አይደፍርም።

በዚያን ጊዜ በሮድ አይላንድ የሥልጣኑ ዘመን ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። በኅዳር 1986 ምርጫ ቫዮሌት በዴሞክራቱ ጄምስ ኦኒል ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ በራዲዮ ከአድማጮች ጋር የሚከራከሩበት ፕሮግራም አዘጋጁ፣ ጻፉም። በ1988 የታተመው የሕይወት ታሪካቸው «ኮንቪክሽንስ» ይባላል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ጽኑ እምነት ማለት ነው፤ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ መባልም ማለት ነው።

ከእርሳቸው ወዲህ፣ የ2022ቱን ምርጫ ጨምሮ፣ በሮድ አይላንድ ለዚያ ወንበር የተመረጡት ሁሉ ወንዶች ናቸው።