አርፎ የሚነሣ ሞተር

አንድ አሮጌ አውቶሞቢል ፈጽሞ አልነሣም ያለ እንደ ሆነ ችግሩ ከባድ ቢሆንም ነገሩ ግልጽ ነው፤ መካኒክ ይጠራል፤ ሞተሩ ይፈተሻል፤ የተበላሸው ዕቃ ይገኛል። ባለንብረቱን ከዚህ ይልቅ የሚያስመርረው፣ በመንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ግማሽ ሰዓት ያህል ካረፈ በኋላ ምንም እንዳልነካው የሚነሣው ነው። እንዲህ ያለው መኪና ጋራዥ በደረሰ ጊዜ ጤነኛ ነው። መካኒኩ ቢያስነሣው ይነሣል፤ ሠፈሩን ቢዞርበትም ሳያቋርጥ ይሄዳል። ከዚህም የተነሣ ሕመሙ ሳይታወቅ መድኃኒቱ ይታዘዛል፤ ዛሬ ካርቡራቶሩ፣ በሚቀጥለው ወር የቤንዚን ፓምፑ፣ ከዚያም ኮይሉ ይለወጣል። ገንዘቡ ካለቀ በኋላ መኪናው በዚያው ዳገት ላይ እንደገና ይቆማል።

ለምሳሌ የምናነሣው በአዲስ አበባ ሕዝቡ ‹ቮልስ› ብሎ የሚጠራውን የጥንቱን ቮልስዋገን ነው። ይህ መኪና በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ፣ የመጨረሻው በሐምሌ 1995 ዓ. ም. በሜክሲኮ አገር ከፋብሪካ ወጣ። በእኛም ዘንድ ከመምህሩና ከጸሓፊው ጀምሮ ብዙ ሰው አገልግሏል፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ. ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱትም በዚሁ ዓይነት መኪና ነበር። በ2016 ዓ. ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ፣ አሮጌ ቮልስ ያለው ሰው ያለችውን መጠበቅ ከፊት ይልቅ ግድ ሆኖበታል።

ሞተር አርፎ የሚነሣበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። በቤንዚን ማጠራቀሚያው፣ በጋራዥ ቋንቋ ‹ሳልባትዮ› በሚባለው፣ ውስጥ ዝገት ካለ፣ ፓምፑ በሳበ ቁጥር ዝቃጩ በማጣሪያው ላይ ይለጠፍና መንገዱን ይዘጋል፤ ሞተሩ ሲቆም ስበቱ ስለሚቀር ዝቃጩ ተመልሶ ከሥር ይተኛል። ሙቀት ቤንዚኑን በቧንቧ ውስጥ ወደ እንፋሎት ለውጦት እንደ ሆነ፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ሲግል የሚደክም ኮይልም ሲበርድ እሳቱን መልሶ ይሰጣል። እንግዲህ ሦስቱም በዕረፍት ይድናሉ፤ ዳኑ ማለት ግን ማስረጃቸው ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ መኪናዋ በቆመች ጊዜ ነጂው ከጥላ ሥር ተቀምጦ የሚጠብቃት ያች ግማሽ ሰዓት ናት መርማሪውን የምታሳስተው። ምርመራው መጀመር ያለበት መኪናው ከመንገዱ ዳር ወጥቶ፣ ፍሬኑ ተይዞ፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ እንደ ተደረገ ወዲያው ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ፍቼ የሚመላለሱባት፣ በ1957 ዓ. ም. የተሠራች ቮልስ እንጦጦን ወጥታ ሱሉልታን እንዳለፈች ትቆም ነበር። በከተማ ውስጥ ግን ሳምንቱን ሙሉ ስትሠራ አንድ ቀን እንኳ አትጠፋም። በአንድ ጋራዥ ካርቡራቶሯ ታጠበ፤ ቀጥሎም ተለወጠ፤ ፓምፕም ተገዛላት። ሁሉም ሥራ በከተማ ዙሪያ ተሞክሮ መልካም ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ በኋላ ሲታወቅ የሳልባትዮው ክዳን ሆነ። የቀድሞው ክዳን በነዳጅ ማደያ ተረስቶ ቀርቶ ኖሮ፣ በምትኩ ከሌላ ዓይነት መኪና የተወሰደ፣ ጥብቅ አድርጎ የሚገጥም ክዳን ተደርጎላት ነበር። የቀድሞው ክዳን አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረው፤ ምትኩ የለውም። ቤንዚን ሲቀዳ በቦታው አየር ካልገባ በሳልባትዮው ውስጥ ባዶነት ይፈጠርና ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል።

በከተማ ለምን አልቆመችም? እዚህ ላይ የነገሩ ብልሃት አለ። መምህሩ በከተማ ሲኖሩ ጥቂት ጥቂት ሊትር እየቀዱ ነው፤ ለፍቼ መንገድ ግን ሞልተው ይነሣሉ። ሳልባትዮው ግማሽ በሆነ ጊዜ ከቤንዚኑ በላይ ብዙ አየር ስላለ፣ ጥቂት ሊትር ቢቀዳ ለውጡ አይሰማም። ሙሉ በሆነ ጊዜ ግን ያለው አየር ጥቂት ስለ ሆነ፣ አንድ ወይም ሁለት ሊትር እንደ ተቃጠለ ባዶነቱ ይበረታል፤ ይኸውም ከሃያ ኪሎ ሜትር ያልራቀ መንገድ ነው። ስትቆም አየር በክዳኑ ጎማ ዳር ቀስ እያለ ይሾልክና እንደገና ትነሣለች። መካኒኩ የከተማዋን ቮልስ እንጂ የፍቼዋን ቮልስ አላያትም ነበር።

አማርኛን በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን ወደ ጋራዥ ሲሄዱ ‹ካንዴላ›፣ ‹ካቻቢቴ›፣ ‹ማርሚታ›፣ ‹ሞተሪኖ› የሚሉትን ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ይሰማሉ፤ በአሥመራም በአዲስ አበባም የጋራዥ ሰው የሚጠቀምባቸው እነዚሁ ናቸው። ለምርመራው ግን ከስሞቹ ይልቅ የሚጠቅሙት ሁለት አነጋገሮች ናቸው። ሞተሩ ‹ድርግም ብሎ ጠፋ› ከተባለ፣ መብራት እንደሚጠፋ በአንድ አፍታ ተቋረጠ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ መካኒኩ አስቀድሞ የሚጠረጥረው የኤሌክትሪኩን በኩል፣ ኮይሉን፣ ፑንቲናውን፣ የላላ ሽቦን ነው። ‹እየተንገጫገጨ ጠፋ› ከተባለ ግን ኃይሉ እየደከመ፣ እየተቆራረጠ ሄዶ ቆመ ማለት ስለ ሆነ ቤንዚን እንዳጠረው ይገመታል። ይህን ለይቶ መናገር የቻለ ባለመኪና ግማሹን ሥራ ሠራ። ‹መኪናዬ ተበላሸ› ብሎ ብቻ ቁልፉን የሚሰጥ ሰው፣ መካኒኩ በግምት ቢሠራ ሊወቅሰው አይገባም።

በመንገድ ዳር የሚደረገው ምርመራ እንዲህ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሳልባትዮው ክዳን ይከፈታል፤ አየር በፉጨት ወደ ውስጥ ከገባ የመምህሩ መኪና ሕመም ይህ ነው። ከዚያ የአየር ማጣሪያው ይነሣና በካርቡራቶሩ ጉሮሮ ውስጥ እየተመለከቱ የቤንዚን መስጫው ማንሻ በእጅ ይሳባል። ቀጭን የቤንዚን ፍንጣቂ ቢታይ በካርቡራቶሩ ቤንዚን አለ፤ ስለዚህ ፊትን ወደ ካንዴላው እሳት ማዞር ነው። ምንም ካልታየ ቤንዚኑ አልደረሰም። ያን ጊዜ የኮይሉ ሽቦ ይነቀልና ከፓምፑ ወደ ካርቡራቶሩ የሚሄደው ጎማ ወጥቶ በጠርሙስ ውስጥ ይገባል፤ ረዳቱ ሞተሪኖውን ሲያዞር ቤንዚኑ በምት በምት፣ ያለ አረፋ መውጣት አለበት። ሲጋራ በዚያ አካባቢ አይታሰብም፤ የጋለ ሞተር ራሱ በቂ አደጋ ነው።

በነገራችን ላይ ‹ዳገት ሲሆን ፓምፑ ቤንዚኑን መሳብ ያቅተዋል› የሚለውን ወሬ ብዙ ሰው ይደጋግመዋል። ለቮልስ ይህ አይሠራም። ሳልባትዮዋ ከፊት፣ ሞተሯ ከኋላ ነውና ሽቅብ ስትወጣ ቤንዚኑ የሚመጣው ቁልቁል ነው። በዳገት የምትቆመው ሞተሩ ብዙ ቤንዚን የሚጠይቀውና እጅግ የሚግለው ያን ጊዜ በመሆኑ ነው።

ለሙቀቱ ነገር ከዓባይ ሸለቆ የተሻለ አስተማሪ የለም። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርድና ያንኑ ያህል በዝቅተኛ ማርሽ ይወጣል። ከፍ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊት ያነሰ ስለ ሆነ ፈሳሽ ሁሉ ቶሎ ይፈላል፤ ውኃ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ስለዚህ ነው። ቤንዚንም እንዲሁ ነው፤ ፓምፑ ደግሞ የተቀመጠው በጋለው ሞተር ላይ ነው። ፓምፑ ፈሳሽ ሊገፋ የተሠራ በመሆኑ እንፋሎት ሲገባበት በከንቱ ይለፋል። ውኃ የጠጣ ጨርቅ በፓምፑ ላይ ተደርጎ ሞተሩ በጥቂት ደቂቃ ከተነሣ ምክንያቱ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ መታየት ያለባቸው የሞተሩን አየር የሚመሩት ቆርቆሮዎችና በዙሪያው ያለው የጎማ ልባስ ናቸው፤ በብዙ አሮጌ ቮልስ ላይ እነዚህ ወልቀው ጠፍተዋል፤ የጋለውም አየር ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል።

በ2001 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል 5 በመቶ ያህል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ ነበር። ኤታኖል ውኃ ይስባል፤ ለእርሱ ያልተሠራ አሮጌ ጎማንም ያላሽቃል። ከዚያ በፊት የተገጠመ የቤንዚን ጎማ ዛሬም በመኪናው ላይ ካለ ሳይጠየቅ መለወጥ አለበት፤ ቀጭን ስንጥቅ ቢኖረው ቤንዚን ሳያንጠባጥብ አየር ይስባልና።

የክረምቱ ደግሞ ሌላ ነው። በሐምሌና በነሐሴ፣ አየሩ ሲቀዘቅዝና እርጥበት ሲሞላው፣ ቤንዚኑ ሲተን ሙቀት ስለሚወስድ ከካርቡራቶሩ ሥር ባለው ቧንቧ ላይ ነጭ አመዳይ ይታያል። በውስጥም እንዲሁ በረዶ ይሠራና ሞተሩን ያንቀዋል። ፋብሪካው ለዚህ አስቦ ከጭሱ ሙቀት የሚያመጣ ቀጭን ቧንቧ ሠርቶለታል፤ ነገር ግን ከብዙ ዓመት በኋላ በጥላሸት ይደፈናል። ሞተሩ ሲቆም በረዶው ይቀልጣል፤ ነጂውም ዝናቡን ይረግማል።

ፊልትሮ የሚያስገቡ ሰዎች ከዲስትሪቢውተሩ በላይ፣ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ማንጠልጠላቸውን እንቃወማለን። ጎማው ቢያፈተልክ ቤንዚኑ የሚንጠባጠበው በእሳት መስጫው ላይ ነው፤ ብዙ ቮልስም ተቃጥሏል። ቦታው ከፊት፣ ከሳልባትዮው ሥር ነው። በካርቡራቶሩ ላይ ቤንዚን የሚገባበት የነሐስ ቱቦም በእጅ ሲነካ የሚነቃነቅ ከሆነ መኪናው ሳይጠገን አይነዳ።

ፓምፕ የግድ የሚለወጥ ከሆነ፣ ከሥሩ ያለው የሚገፋው ዘንግ ይለካ። ዲናሞ ባላቸው እንደ መምህሩ ባሉት ሞተሮች ላይ ርዝመቱ 108 ሚሊ ሜትር፣ አልተርኔተር ባላቸው በኋለኞቹ ላይ 100 ሚሊ ሜትር ነው። በገበያ ሁለቱም ፓምፖች ጎን ለጎን ይሸጣሉ፤ አጭሩ ዘንግ ከረጅሙ ፓምፕ ጋር ከገጠመ አዲሱ ዕቃ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቤንዚን ያጥረዋል፤ ረጅሙ ከአጭሩ ጋር ከገጠመ ደግሞ ፓምፑን ይሰብረዋል። ለመለካት የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል።