ምዕራፍ አራት፦ ሙቀትን ማን ይሸከመዋል?

ኤሲ ቅዝቃዜ አይሠራም። ከዚህ መጽሐፍ አንድ ነገር ብቻ ስጣቸው ብባል የምሰጣችሁ ይህንን ነው። «ቀዝቃዛ አየር ከውጭ ስቦ ያስገባል» እያለ የሚያስረዳ ሻጭ ሞልቷል፤ «ቅዝቃዜውን የሚያመነጨው ጋዙ ነው» የሚል ባለሙያም አይጠፋም። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ስህተታቸውም የእናንተን ኪስ ያራቁታል። ግድግዳ ላይ የምታዩት ስፕሊት ኤሲ ከውጭ ምንም አየር አያስገባም። ሥራው የክፍሉን ሙቀት ለቅሞ ውጭ መድፋት ብቻ ነው።

የመርካቶን ተሸካሚ አስቡ። ጆንያ ጤፍ ከመኪና ያወርዳል፣ ዳገቱን ይወጣል፣ መጋዘን ያስገባል። ጤፉን አላበቀለውም፤ የሚከፈለውም ለመሸከሙ ነው። ኤሲ ውስጥ ተሸካሚው በቱቦ የሚዞረው ጋዝ ነው። በክፍሉ ውስጥ ባለው ቱቦ ሲያልፍ ይተናል፤ ሲተን ሙቀቱን ይሸከማል። ኮምፕረሰሩ ይጨምቀውና ከውጭው አየር ይበልጥ ያግለዋል። ውጭ ሲደርስ ሸክሙን ያራግፋል፣ መልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ ባዶ ትከሻውን ይዞ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ዳገቱ በውስጥና በውጭ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ነው። የጉልበቱን ዋጋ ቆጣሪያችሁ ላይ ታነቡታላችሁ።

እዚህ ላይ ከደረስን ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል። ሪሞቱን 16 ላይ ማድረግ ዳገቱን ማስረዘም ነው፤ 26 ላይ ማድረግ ማሳጠር። አቧራ የጠጣ ፊልተር ጋሪና ሰው የዘጋው መተላለፊያ ነው። ለትንሽ ክፍል ትልቅ ኤሲ መግዛት አሥር ኪሎ ስኳር ለማስነሳት አምስት ጎረምሳ መቅጠር ነው፤ ብድግ ቁጭ፣ ብድግ ቁጭ ሲሉ ይውላሉ፣ ሒሳባቸው ግን ይቆጥራል። ስታብላይዘርም የራሱ ድርሻ አለው፦ ተሸካሚው ቁርሱን በልቶ እንዲመጣ ያደርጋል። 220 መሆን የሚገባው ቮልቴጅ 170 ላይ ሲወርድ ሰውየው በባዶ ሆዱ ዳገት እየወጣ ነው፤ ኮምፕረሰር የሚቃጠለውም እንዲህ ባለው ቀን ነው።

ሙቀቱ ቀድሞውኑ ስላለና ማጓጓዝ ብቻ ስለሚፈልግ፣ ጥሩ መሣሪያ በ1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ያዘዋውራል። ማሞቅ ስትፈልጉም ያው ተሸካሚ አቅጣጫ ይቀይራል፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ይጭናል። «ውጭ ብርድ ሆኖ ምን ሙቀት አለ?» ትሉኝ ይሆናል። 8 ዲግሪ የሆነ የሌሊት አየርም ብዙ ሙቀት አለበት፤ ጋዙ ከዚያ በታች ቀዝቅዞ ከቀረበው ይወስድለታል። የፊዚክስ ሊቁ ኬልቪን ሙቀትን እንዲህ እያጓጓዙ የማሞቁን ሐሳብ በጽሑፍ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1852 ነበር። የዙሪክ ከተማ ምክር ቤት ሕንጻ ደግሞ ከ1938 ጀምሮ ሙቀቱን በአጠገቡ ከሚያልፈው ከሊማት ወንዝ እየቀዳ ይሞቅ ነበር። የአልፕስ ክረምት ያላስቆመው መሣሪያ የአዲስ አበባ ታኅሣሥ አያስቆመውም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 2,000 ዋት ሂተር በምሽት አራት ሰዓት ቢበራ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በ30 ቀን 240። ያንኑ ሙቀት በማሞቂያነትም በሚሠራ ኤሲ ብታገኙት፣ አንዱ አራት ሆኖ የሚያጓጉዝ ከሆነ፣ 60 ይበቃል። የመብራት ታሪፋችን ደግሞ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ የሚጨምርበት ነው፤ ስለዚህ የብር ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። «የዘይት ሂተር ይቆጥባል» የሚለውን ወሬ ግን እባካችሁ እርሱት። ዘይት ያለው፣ ሽቦው የሚቀላው፣ ማራገቢያ ያለው፣ ሁሉም 1 ኪሎዋት ሰዓት ተቀብለው 1 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣሉ። የዘይቱ ከጠፋ በኋላ ትንሽ ይቆያል፤ ለመጋል የወሰደውን ጊዜ ነው የሚመልስላችሁ።

ከሰልን በተመለከተ ቃል አላሳምርም። በተዘጋ ክፍል ማንደጃ አስገብቶ መተኛት ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ ፍሙ ጭሱን ጨርሶ ጠርቶ ሲታይ እንኳ ይወጣል። «ከቀላ በኋላ አስገባሁት» ማለት ማንንም አላዳነም።

ከመሣሪያው በፊት ግን ሸክሙ ይቅደም። ለተሸካሚ ከመክፈል በፊት ጆንያው ለምን ይህን ያህል ሆነ ብሎ መጠየቅ ይገባል። አገራችን ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ ፀሐይ ቀትር ላይ የምትቆመው አናታችን ላይ ነው፤ ከግድግዳው ሁሉ ይልቅ የሚጋለው ጣራው ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከበላያችሁ የተንጠለጠለ ምጣድ ማለት ነው። ሌሊት ደግሞ በተቃራኒው፦ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ሲጠራ ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ላይ እየለቀቀ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት ከውስጥ በኩል ጤዛ የምታዩበት ለዚህ ነው። መፍትሔው ኮርኒስ፣ ከኮርኒሱ በላይ የተዘረጋ ፎም ወይም ግላስዉል፣ ቆላ ከሆነም ጣራው ላይ ነጭ ቀለም ነው። ሌሎቹን ባጭሩ ልንገራችሁ፦ በበር ሥር ያለውን ክፍተት ድፈኑ፤ በምሥራቅና በምዕራብ መስኮት ላይ ጥላ ከውጭ አድርጉ፤ መጋረጃ ከውስጥ ሲሆን ፀሐይዋ ገብታ ጨርሳለች።

ስለ መስኮት ካነሳሁ ዝም ብዬ አላልፍም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በአግባቡ የተሠራ መኖሪያ ቤት እዚህ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም። አያስፈልገውም! ይሁንና ሳሎኑ ሙሉ በሙሉ ወደ ምዕራብ መስታወት የሆነ አፓርታማ ይሠራና፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ መቀመጥ ያቅታል፤ ነዋሪው ኤሲ ይገዛል፤ ያው ነዋሪ ሌሊት በዚያው መስታወት ሙቀቱ ሁሉ ወጥቶበት ሂተር ይለኩሳል። በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ የሚከፈል የጥፋት ዋጋ ነው። ስለዚህ ነገር ከአርክቴክቶች ጋር ብዙ ተከራክሬአለሁ። «ጥቁር መስታወት እኮ ነው፣ ሙቀት ይከለክላል» ይሉኛል። ጥቁሩ መስታወት ራሱ ይግልና ከፊሉን ወደ ውስጥ ይለቀዋል። «ገዢው ይወደዋል» ይሉኛል፤ ገዢው የመብራቱን ሒሳብ ሲገዛ አላየውም እላለሁ። ወደ ድሬዳዋ ውረዱና የከዚራን ሰፈር እዩ። ባቡሩ ከተማዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ያኔና ከዚያ በኋላ የተሠሩት ቤቶች ሰፊ በረንዳ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ወፍራም ግድግዳ፣ በመንገዱ ዳር የኒም ጥላ አላቸው። ኤሲ የሚባል ሳይኖር ሰው በቀትር የሚቀመጥባቸው ቤቶች ነበሩ። ያንን ዕውቀት ትተን በደጋ ከተማ መስታወት የምናቆምበት ምክንያት እስካሁን አልገባኝም።

እዚያው ድሬዳዋ አንድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ወይዘሮዋ ኤሲው በየዓመቱ «ጋዝ ያልቅበታል» ብለው ነገሩኝ፤ የሚመጣው ሠራተኛም በየዓመቱ ይሞላል፣ ያስከፍላል፣ ለጥቂት ሳምንት ይሻላል፣ ከዚያ ያው ነው። የውጩን ክፍል ለማየት ወደ ጓሮ ዞርኩ። በቤቱ ግድግዳና በአጥሩ መካከል፣ ሰው በጎኑ በሚያልፍበት ስርቻ ተሰክቷል፤ ከላዩ ዝናብ እንዳይነካው ቆርቆሮ ተመትቶበታል። ማራገቢያው የሚተፋው ትኩስ አየር አጥሩን መትቶ፣ ቆርቆሮው ወደ ላይ እንዳይወጣ ከልክሎት፣ መልሶ ከጀርባው ይገባል። መንገድ ላይ 35 ዲግሪ ነበር፤ ቴርሞሜትሬን ከጀርባው ሳስጠጋ 47 አነበበ። ተሸካሚው ዳገቱን ወጥቶ ያራገፈውን ጆንያ መልሰው ትከሻው ላይ እየጫኑበት ነበር! ቆርቆሮውን አነሳን፣ መሣሪያውን ወደ ሰሜኑ ግድግዳ አዛወርን። ከዚያ ሳሙና በውሃ በጥብጬ መጋጠሚያዎቹን ቀባሁ፤ በቀጭኑ ቱቦ ፍሬ ላይ ትንንሽ አረፋ ተከታትሎ ሲነሳ ወይዘሮዋ ራሳቸው አዩት። «ለካ እየወጣ ነው እንጂ አላለቀም» አሉ።

በትክክል። ጋዝ አያልቅም። እንደ ነዳጅ አይቃጠልም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ለዘመናት መዞር ይችላል። ከጎደለ አፈትልኳል፤ ካፈተለከ ቀዳዳው ይፈለጋል፣ ይደፈናል፣ ከዚያ በሚዛን ተመዝኖ ይሞላል። ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ የሚሞላን ሰው ሁለተኛ አትጥሩት። የሚያመልጠው ጋዝ አየር ላይም ጉዳት አለው፦ አር 22 የኦዞን ሽፋንን ያጠቃል፤ አር 410ኤ ኦዞንን ባይነካም በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,000 እጥፍ በላይ ምድርን ያሞቃል፤ አር 32 የዚያ ሲሶ ያህል ነው። ዛሬ አዲስ የሚገዛ ሰው አር 32 ይፈልግ። በመጠኑ ተቀጣጣይ ስለሆነ ለሚያውቅ ባለሙያ ብቻ ይሰጥ። በአር 22 የሚሠራ ያገለገለ ኤሲ ግን ቢረክስም ይቅር።

ወደ ግዢው እንሂድ። 12,000 ቢቲዩ ማለት 3.5 ኪሎዋት ገደማ ሙቀት የማጓጓዝ አቅም ነው፤ ሻጮች «አንድ ቶን» የሚሉትም እሱን ነው፤ በ24 ሰዓት አንድ የአሜሪካ ቶን በረዶ የሚያቀልጥ ሙቀት። ጣራው ለተሠራ 16 ካሬ መኝታ ቤት 9,000 ብዙ ጊዜ ይበቃል። ብዙ ሰው ግን 24,000 ያስገባበታል። ኢንቨርተር ያልሆነ ትልቅ መሣሪያ ክፍሉን በደቂቃዎች አቀዝቅዞ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል፤ በየመነሻው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ እርጥበቱን ለማውጣትም ጊዜ አያገኝም። ጋምቤላ በክረምት ላለ ሰው ይህ ማለት ብርድና ወበቅ በአንድ ላይ ነው። ኢንቨርተር ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ሳያቋርጥ ይሠራል፤ የግዢ ዋጋው ይበልጣል፣ ቀኑን ሙሉ በሚሠራበት ቆላ ግን ይመልሳል። በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ ለሚያበራ ሰው ላይመልስ ይችላል፤ ያንን የማይነግራችሁ ሻጭ ብዙ ነው።

ሰመራና አካባቢዋ ያላችሁ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው አቅም ብዙውን ጊዜ የተለካው ውጭ 35 ዲግሪ ሆኖ ነው፤ ቲ1 ይባላል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚፈልጉት ቲ3 በ46 ዲግሪ የተፈተነ ነው። ሰመራ ቲ3 ያስፈልጋታል። አዲስ አበባ ለማሞቂያ የምትገዙ ደግሞ አየራችን ከባሕር ጠረፍ አየር በአምስተኛ ያህል የሳሳ መሆኑን አስታውሱ፤ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚያገኘው አየር ያነሰ ስለሆነ የተጻፈውን አቅም ሙሉ በሙሉ አትጠብቁ።

በውሃ የሚሠራው ኩለር አየሩ ደረቅ በሆነበት ወር ድሬዳዋ ላይ ግሩም ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ከ0.6 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሙቀት ይወስዳል። መስኮት ከፍታችሁ አሠሩት፤ እርጥበት ባለበት አገር አትግዙት። 70 ዋት የምትበላ የኮርኒስ ማራገቢያም አትናቁ፤ እሷ ስትዞር ኤሲውን 27 ላይ አድርጎ መቀመጥ ይቻላል።

መጨረሻ ላይ ጫኙ ሲመጣ ቆማችሁ እዩ። ቱቦውን ካገናኘ በኋላ ቫኪዩም ፓምፕ ገጥሞ ውስጡ ያለውን አየርና እርጥበት ማውጣት፣ ፓምፑን አጥፍቶም ጌጁ እንዳይንቀሳቀስ ጠብቆ ማየት አለበት። ብዙዎች ጋዙን ትንሽ ለቀቅ አድርገው አየሩን «በማስተንፈስ» ይጨርሱታል። ቱቦው ውስጥ የቀረ እርጥበት ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ አሲድ ይሆናል፤ ኮምፕረሰሩን ከውስጥ ይበላዋል። ፓምፕ ሳይዝ ከመጣ ሥራውን አታስጀምሩት፤ ይዞ እንዲመለስ ሌላ ቀን ቅጠሩት።