ከካይሮ የመጣ እግር፣ ፍልውሃ ገብቶ ሲያርፍ

የዓባይን በረሃ በብስክሌት የወጣ ሰው አዲስ አበባ ሲደርስ ሙዚየም አያምረውም። ከደጀን እስከ ወንዙ ድልድይ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዷል፤ ያንኑ ያህል ሽቅብ እየገፋ ጎሐ ጽዮን ወጥቷል፤ ከዚያ ደግሞ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርቶታል። እንዲህ ያለ እግር ይዞ የመጣ ሰው የሚፈልገው ሙቅ ውሃ፣ ከውስጥ የሚቀረቀር በርና «ከየት ነው የመጣኸው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሌለበት ወንበር ነው።

ሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስዶ ላሊበላንና ጎንደርን አይቶ የሚመለስ ቱሪስትን ሁሉም ያውቀዋል። የረጅም መንገድ ተጓዥ ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ከካይሮ ተነሥቶ ኬፕታውን እስኪገባ ወራት ይፈጅበታል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው «ቱር ዳፍሪክ» የተባለው የብስክሌት ጉዞ 12,000 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በአራት ወር ገደማ ይጨርሰው ነበር። ይህም ምግብ አብሳይና ዕቃ ጫኝ መኪና ስለሚከተለው ነበር፤ ለብቻው የሚጓዘው ዓመት ቢወስድበት አይደንቅም።

ለእንዲህ ያለ ሰው ጉዞው ራሱ ሥራ ነው። ዛሬ የት ይታደራል? ውሃው ይጠጣል? የተጠራው ዋጋ የአገሬው ነው ወይስ የፈረንጅ? ነገ የሚታለፈው ኬላ ምን ወረቀት ይጠይቃል? በቀን ሃምሳ ጊዜ እየወሰኑ ሦስት ወር ከከረሙ በኋላ ውብ ነገር ማየት እንኳ ይሰለቻል። አንድ ተራራ፣ ሌላ ተራራ፣ ደግሞ ሌላ ቤተ ክርስቲያን። ትልቅ ከተማ የሚያስፈልገው ይኼኔ ነው። በገጠር መንገድ ፈረንጅ በብስክሌት ሲያልፍ የመንደሩ ልጅ ሁሉ እየሮጠ ይከተለዋል፤ ቦሌ ላይ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ለእሱ ትልቁ ዕረፍት ይኸው ነው።

አየርላንዳዊቷ ጸሐፊ ደርቭላ መርፊ እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ ምጽዋ ላይ ጀምራ፣ ከመንገዱ ከፊሉን ጆክ የተባለ በቅሎ አስከትላ፣ የሰሜኑን ተራራ በእግሯ አቋርጣ በ1967 አዲስ አበባ ገብታለች። ለእርሷ ከተማዋ የመንገዱ መጨረሻ ነበረች። ከካይሮ ወደ ደቡብ ለሚወርዱት ግን ገና እኩሌታ ሳይሞላ የምትገኝ ማረፊያ ናት፤ ከኋላ የሱዳን ሐሩር፣ ከፊት ሞያሌና የሰሜን ኬንያ በረሃ። ከሞያሌ በማርሳቢት በኩል እስከ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ሳይለብስ በፊት መኪና የሚሰባብር ኮረኮንች ስለነበር፣ አዲስ አበባ ገብቶ ባሌስትራና ጎማ ሳያስመረምር ወደዚያ የሚወርድ ብልህ መንገደኛ አልነበረም።

የማረፊያነቱ ነገር ከከተማዋ ልደት ጋር ይገጥማል። እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ታች ወርደው የሰፈሩት ፍልውሃ ለመታጠብ ነበር፤ በዚያው ቤት ተሠራ፣ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተባለ። እንዲህ ካሰቡት ዋና ከተማችን ሊያርፉ ከመጡ ሰዎች የተወለደች ናት። (ዛሬ በሥራ መውጫ ሰዓት መገናኛ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ይህን ቢሰማ መሳቁ አይቀርም።)

ፍልውሃ ዛሬም ይሠራል። ቲኬት ይቆረጣል፣ በየደረጃው ዋጋ ይከፈላል፣ ወረፋ ይጠበቃል። ተራ ሲደርስ ክፍል ይሰጣል። ከመሬት የሚፈልቀው ውሃ እንደወረደ ስለሚያቃጥል ቀዝቃዛ ይደባለቅበታል፤ እንፋሎቱ ግድግዳውን አልብሶት ጠብ ጠብ ይላል። በጄሪካን ውሃ ሲለቃለቅ የከረመ መንገደኛ እዚያ ገብቶ መጀመሪያ የሚያየው ከገላው የሚወርደውን ቡናማ አፈር ነው፤ ከመተማ የተነሣ አቧራ ጎንደርና ባሕር ዳር ላይ ተጨምሮበት። ውሃው እየሞቀ፣ ጉልበቱ እየላላ፣ ገና ዓይኑን ጨፈን ሲያደርግ በሩ ይንኳኳል። ሰዓቱ አልቋል፤ ውጭ አንድ ጋቢ የለበሱ አባት ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ከተማዋን ለማየት ከሚከፈለው የአስጎብኚ ክፍያ ሁሉ የሚበልጥ የዚህ ቲኬት ዋጋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአየሩ ነገር ሁለት መልክ አለው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊቷ ብርድ ልብስ ያሻዋል፤ ከካርቱም ሙቀት ለመጣ ሰው ይህ ጸጋ ነው። በዚህ ከፍታ ግን በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ከጎጃም ደጋ የመጣ ብስክሌተኛ አስቀድሞ ስለለመደው አይሰማውም። በአውሮፕላን የመጣው ወይም ከሞያሌ ቆላ በሁለት ቀን የወጣው ግን ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል፣ ራሱን ያመዋል፣ የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፉም ይቆራረጣል። ስለዚህ አንድ ቀን አድሮ መሄድ ለእንዲህ ያለው ሰው ዕረፍት አይሆንም፤ ቢያንስ ሦስት አራት ሌሊት ያስፈልገዋል።

ማደሪያውስ? ጀርባ ላይ ሻንጣ ይዞ የሚመጣው ለብዙ ዓመታት ፒያሳ፣ ጣይቱ ሆቴል ነበር የሚሄደው፤ በ2007 ዓ.ም. ቃጠሎ የደረሰበት፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል። መኪናና ሞተር ያለው ደግሞ ለገሃር አካባቢ ወደነበረው «ዊምስ ሆላንድ ሃውስ» ያመራ ነበር። ግቢው ውስጥ ድንኳን ይተከል፣ ከኬንያ የመጣው ከሱዳን ለመጣው መንገዱን ይነግረው ነበር፤ ይህም ከማንኛውም ካርታ ይበልጥ ነበር።

የሚገርመው፣ የዕረፍቱ ግማሽ ሥራ ነው። ልብስ ላውንደሪ ይገባል። የተሰበረ የሞተር ዕቃ መያዣ በያጅ ዘንድ ይሄዳል። የመኪና መለዋወጫ ፍለጋ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይወረዳል፤ እዚያ የአሮጌ ላንድክሩዘር ዕቃ ከአውሮፓ በተሻለ ይገኛል ብለው የሚምሉ አሉ። የተቀደደ የብስክሌት ሻንጣ ደግሞ ለሊስትሮ ይሰጣል። ልጁ ሻንጣውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ወስፌውን በሳሙና አሸት አድርጎ፣ ክሩን እጥፍ እየመለሰ ይሰፋዋል፤ አስፍቶ የሄደው ሰው ደቡብ አፍሪካ እስኪገባ አይተረተርበትም።

የሰዓት ነገርም አለ። «ነገ ሁለት ሰዓት ና» የተባለ ፈረንጅ ከምሳ በኋላ ሲመጣ ባለሙያው ጠብቆት ጠብቆት ሌላ ሥራ ጀምሯል። በቀጠሮ የተቃጠለ መንገደኛ ሁሉ ከዚያ ወዲያ «በእናንተ ነው በእኛ?» ብሎ መጠየቅ ይለምዳል።

ምግቡ ግን ይክሳል። ሥጋ የማይበሉ ተጓዦች ሱዳን ውስጥ ፉል ብቻ ሲበሉ ከርመው ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ ሲቀርብላቸው ዓመት በዓል የሆነላቸው ያህል ይደሰታሉ። ቡና የፈለገ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ የሚቆላው ቶሞካ አለለት፤ እዚያ ግን በቁም ተጠጥቶ ነው የሚወጣው። ዕረፍት ለፈለገ የመንገድ ዳር ጀበና ቡና ይሻላል። ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ሰዓቱ ይሄዳል፤ ቶሎ ጠጥቶ መነሣት ነውር ባይሆንም ባለቡናዋ «ምነው ቸኮልክ?» ማለቷ አይቀርም።

ይህ ሁሉ ግን በቅርብ ዓመታት ተቀይሯል። መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሱዳኑ ጦርነት የድሮውን የካይሮ መንገድ ቆረጠው፤ በአማራ ክልል ያለውም ግጭት የጎንደሩን መስመር አስፈሪ አድርጎታል። አሁን የሚመጣው መንገደኛ ብዙውን ጊዜ ብስክሌቱን በካርቶን አሽጎ ቦሌ የሚያርፍ፣ አለዚያም ከኬንያ በሞያሌ ወጥቶ ያንኑ መንገድ የሚመለስ ነው። ከተማዋም ሌላ ሆናለች፤ የድሮው ፒያሳ አብዛኛው ፈርሶ፣ በኮሪደር ልማቱ ሰፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል። ለብስክሌተኛው ደስታ ነው፤ ርካሽ አልጋ ፈልጎ ለሚመጣው ግን የሚያውቃቸው ጥጎች ጠፍተውበታል።

ወደ ደቡብ የሚቀጥሉት በሞጆ አድርገው ስምጥ ሸለቆ ይወርዳሉ። 200 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄዱ ብዙዎቹ ላንጋኖ ዳር ድንኳን ተክለው፣ ያንን ቡናማ ውሃ ገብተው እየዋኙ፣ ከአዲስ አበባ ጥሩንባ ደግሞ ሁለት ቀን ያርፋሉ።